ያልተቆጠረው አየር፦ ከፍ ስላለ ሚኒሞ፣ ስለ ምርመራ ሥርዓትና ስለ አንድ የግል ስህተት

በምህንድስና ፋካልቲው የሕዝብ ገለጻ መድረክ በቃል የቀረበና ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው የታረመ



ለዛሬ ምሽት የመረጥሁት ርእስ ለሕዝብ ገለጻ የሚያንስ መስሎ የሚታያችሁ ትኖሩ ይሆናል። የአንድ መኪና የአየር ማስገቢያ ክፍሎች ተፈትተው በሌላ ከተተኩ በኋላ የሞተሩ ሚኒሞ ለምን ከፍ ይላል? ምክንያቱስ በምን ሥርዓት ይፈለጋል? ጥያቄው ይኸው ነው። ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ ለየብቻ የምናስተምራቸው የጋዝ ፍሰት፣ የቴርሞዳይናሚክስ፣ የቁጥጥርና የልኬት ትምህርቶች በዚህች አነስተኛ ችግር ላይ በአንድነት ይገናኛሉ። ሁለተኛው ምክንያት የግል ነው፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ፤ የስህተቴን ዋጋ የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው። ይህን ትቼ ሌላውን ብቻ ብናገር ገለጻዬ ጎደሎ ይሆናል።

የነገሩ አጀማመር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ የምነዳው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነበር። ብዙ ያገለገለ መኪና ስለነበረ፣ ስሮትል የምንለው የአየር በር የሚዞርበት ዘንግ ተበልቶ ነዳጅ መስጫው እየያዘ ያስቸግረኝ ጀመር። ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ፣ ይሁን እንጂ ደህና ይዞታ ላይ ያለ ስሮትል ከነሚኒሞ ቫልቩ ገዛሁና ዘወትር ወደማሠራበት ጋራዥ ወሰድሁ። ሥራው በዚያ ተቀጥሮ ለሚሠራ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ለሚገኝ ወጣት መካኒክ ተሰጠ።

ወጣቱ አሮጌውን ስሮትል ፈትቶ ካወረደ በኋላ ወደ እኔ መጣና፣ «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑ ደርቋል፤ አዲስ ብናደርግለት ጥሩ ነው» አለኝ። ጓርኒሲዮን፣ እንደምታውቁት፣ ሁለት ብረቶች በሚጋጠሙበት መካከል ገብቶ አየር ወይም ፈሳሽ እንዳያልፍ የሚያሽግ ስስ ንጣፍ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ የምፈትንበት ቀጠሮ ነበረብኝ። ሰዓቴን አየሁና፣ «ይበቃዋል፤ በእሱው ግጠመው» አልሁት። ገጠመው።

ሞተሩ ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ መሆን የነበረበት ሚኒሞ 1,600 ላይ ቆመ። «ሲለምድ ይወርዳል» ተባልሁና ሄድሁ። አልወረደም። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ በጋራዡ ባለቤትና በሠራተኞቹ ፊት ቆምሁና ማስረዳት ጀመርሁ። ክርክሬ ሥርዓት ያለው ይመስል ነበር፤ የተቀየረው ስሮትሉና ቫልቩ ነው፤ ሚኒሞን የሚቆጣጠረው ቫልቩ ነው፤ ቫልቩ ስገዛው ደህና ነበር፤ ስለዚህ የተጎዳው ሲገጠም ነው። ባለቤቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የተማረ ይግደለኝ! ዶክተር ያሉት ነው» አሉ። ወጣቱ አንድ ቃል አልተናገረም። ሌላ ቫልቭ ተገዛ፤ ዋጋው ከወጣቱ ደመወዝ በሦስት ወር እንዲቆረጥ ተወሰነ። አዲሱ ቫልቭ ተገጠመ። ሚኒሞው 1,600 ላይ እንዳለ ቀረ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ላቁመውና ወደ ሞተሩ ልግባ።

ሦስት ግራም አየር

«ሚኒሞ» ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው፤ ትርጉሙም ዝቅተኛ፣ ትንሹ ማለት ነው። እግራችን ነዳጅ መስጫውን ሳይነካ ሞተሩ ሳይጠፋ የሚዞርበት ትንሹ ፍጥነት ነው። «ነዳጅ መስጫ» የሚለው ስያሜ ግን በቤንዚን ሞተር ላይ ያሳስታል። ያ መርገጫ የሚከፍተው የአየር በር እንጂ የነዳጅ በር አይደለም። ነዳጁን የሚመጥነው፣ የገባውን አየር ገምቶ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ያህል ቤንዚን የሚያዝዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ስታዩ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ነዳጁ ለምን በዛ?» ሳይሆን «አየሩ በየት ገባ?» መሆን አለበት።

ምን ያህል አየር? እናስላው። በአራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይስባል። ባለ 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 10 ሊትር ይስባል ማለት ነው። ይህ አየር ግን የሳሳ ነው፤ ከተዘጋው በር በስተጀርባ፣ ማኒፎልድ በሚባለው የአየር ማከፋፈያ ውስጥ፣ ግፊቱ 33 ኪሎፓስካል ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩም ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ክብደት ብንቀይረው በሰከንድ 3 ግራም ገደማ እናገኛለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እንኳ ከዚህ ይከብዳል። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሞተር በሚኒሞ የሚኖረው በዚህች ኢምንት አየር ነው፤ ጥቂት ግራም በስውር ሲጨመርበት የሚናወጠውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንምጣ። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ፣ የውጭው አየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በባሕር ወለል ላይ 101 ነው። በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው 33 ለ77 ሲካፈል 0.43 ይሆናል። የጋዝ ፍሰት የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ለአየር ይህ ክፍልፋይ ከ0.53 በታች ሲወርድ በቀዳዳው ጠባብ ቦታ ላይ ፍሰቱ የድምፅን ፍጥነት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በውስጥ ያለው ግፊት የፈለገውን ያህል ቢወርድ የሚገባው አየር አይጨምርም፤ መጠኑን የሚወስኑት የቀዳዳው ስፋት፣ የውጭው ግፊትና የአየሩ ሙቀት ብቻ ናቸው። በአዲስ አበባ ሁኔታ ሲሰላ፣ የቀዳዳውን ቅርጽ ግምት ውስጥ አስገብተን፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር በሰከንድ 0.15 ግራም ያህል ይመጣል።

ይህን ቁጥር በእጃችሁ ያዙት። ውስጡ 5 ሚሊሜትር የሆነች አንዲት የቫኪዩም ቱቦ ሳትሰካ ብትረሳ የቀዳዳዋ ስፋት 20 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ 3 ግራም ታስገባለች፤ ሞተሩ ለሚኒሞ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር እኩል ማለት ነው። በማሸጊያ ላይ አሥር ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ የአንድ የጽሕፈት ወረቀት ያህል፣ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት ቢኖር 1.5 ግራም ያስገባል፤ የሚያስፈልገው ግማሽ ነው። ዓይን የማያየውን ክፍተት የሞተሩ የዙር መለኪያ አጉልቶ ያሳየዋል። በሚኒሞ ጊዜ ሞተሩ የሚያሸንፈው የገዛ ራሱን ሰበቃ በመሆኑ፣ የሚገባው አየር እጥፍ ሲሆን ዙሩም በግምት እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ስሌት አንድ ሌላ ነገር እንማራለን። የጥገና መጽሐፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለባሕር ወለል ነው። በዚያ ሚኒሞ ላይ ያለ ጤነኛ ሞተር በቫኪዩም መለኪያ 17 እስከ 22 ኢንች ያሳያል። በአዲስ አበባ ያው ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው 13 ኢንች ገደማ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያነበበ ሰው ደህናውን ሞተር «አየር ያስገባል» ብሎ ይፈርድበታል። የመጽሐፍ ቁጥር የሚያገለግለው ቁጥሩ የተወለደበትን ቦታ ስናውቅ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያየውና የማያየው

ያልተጠራ አየር በሁሉም ሞተር ላይ አንድ ዓይነት ምልክት አያሳይም። ልዩነቱ አየሩ በምን መንገድ እንደሚለካ ላይ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ከአየር ማጣሪያው ቀጥሎ የሚያልፈውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። ከሴንሰሩ በኋላ በክፍተት ሾልኮ የገባ አየር አይቆጠርም። ስለዚህ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ሚኒሞው ከፍ ሊል ቢችልም ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ሊጠፋ ይቃጣዋል። በሌሎች መኪኖች፣ የእኔም ኮሮላ ከእነዚህ ነበረ፣ የሚለካው የማኒፎልዱ ግፊት ነው። አየሩ በበሩ ይግባ በክፍተት ለግፊት ለውጥ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ይቆጥረዋል፣ ተመጣጣኝ ነዳጅም ያዝዝለታል። ሞተሩ ምንም ሳይንገጫገጭ፣ በጥሩ ጤንነት፣ በከፍተኛ ዙር ይሮጣል። ስለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ሞተር ሰው ሰምቶ «አየር የሚያስገባ ቢሆን ኖሮ ይንቀጠቀጥ ነበር» እያለ የሚሳሳተው።

ሁለተኛው የሚያሳስት ነገር ቫልቩ ነው። የሚኒሞ ቫልቭ ከተዘጋው የአየር በር ጎን ባለች ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈውን አየር ይመጥናል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። በሌላ ቦታ ክፍተት ሲፈጠር ኮምፒውተሩ ዙሩ እንደጨመረ አይቶ ቫልቩን ይዘጋል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ በዚህ ይካካሳልና ማንም አያውቅም። ክፍተቱ ቫልቩ ሊቀንስ ከሚችለው በላይ ሲሆን ግን ቫልቩ እስከ መጨረሻው ተዘግቶም ሚኒሞው አይወርድም። በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ እግር ከመርገጫው ተነሥቶ ዙሩ ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያቋርጣል፤ ዙሩ ሲወድቅ መልሶ ይሰጣል፤ እንደገና ይወጣል። ሞተሩ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የምርመራው ሥርዓት

ክፍሎቹ ከተቀየሩ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ሲል ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሂድ? እኔ ዛሬ የማስተምረው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ የተነካውን ሁሉ ዘርዝሩ። የተቀየረውን ብቻ አላልሁም፤ የተነካውን ነው ያልሁት። ስሮትል ለማውረድ የነዳጅ መስጫው ገመድ ይፈታል፤ የቫኪዩም ቱቦዎች ይነቀላሉ፤ የሴንሰር ሶኬቶች ይላቀቃሉ፤ በብዙ መኪኖች በስሮትሉ ሥር የሚያልፉ የራዲያተር ውሃ ቱቦዎችም ይፈታሉ። እያንዳንዱ ወደ ቦታው ተመልሷል?

ቀጥሎ የአየር በሩ በእርግጥ መዘጋቱን እዩ። ገመዱ ተወጥሮ ከሆነ በሩ በጥቂቱ ተከፍቶ ይቀራል፤ ገመዱ ትንሽ ላላ ማለት አለበት። የበሩ ማቆሚያ ብሎን ግን በፋብሪካ የተስተካከለ ነውና አይነካ። ሚኒሞ ለማስተካከል ይህን ብሎን የሚያዞር ሰው አንዱን ችግር ሁለት ያደርገዋል። የስሮትሉ ሴንሰርም ቦታውን ስቶ ከተገጠመ ኮምፒውተሩ በሩ መዘጋቱን አያውቅም።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ መሞቁን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የውሃ ቱቦዎቹ ሲፈቱ ውሃ ይፈሳል፤ ተመልሶ በአግባቡ ካልተሞላና ውስጥ የቀረው አየር ካልወጣ፣ የሙቀት ሴንሰሩ በአየር ተከብቦ «ገና ቀዝቃዛ ነኝ» ይላል። ያን ጊዜ ከፍ ያለው ሚኒሞ ብልሽት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ በተነገረው መሠረት የሰጠው ትክክለኛ መልስ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ።

አራተኛው ፍተሻ ችግሩን ለሁለት የሚከፍል ነው፤ ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው። ከስሮትሉ ፊት ያለውን የአየር ቱቦ አንሡ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ፣ ወደ ቫልቩ የምትወስደውን ትንሽ ቀዳዳ በጣት ዝጉ። ከማራገቢያውና ከሚዞረው ቺንጊያ እጃችሁን፣ ልብሳችሁንም አርቁ። ዙሩ ወዲያው ከወደቀ አየሩ የሚያልፈው በቫልቩ በኩል ነው፤ ቫልቩን፣ የሙቀት ሴንሰሩን፣ ትእዛዙን መርምሩ። ዙሩ ካልተለወጠ ቫልቩ ነጻ ነው፤ አየሩ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። ይህ ፍተሻ አምስት ሰከንድ ይወስዳል፤ መሣሪያ አይፈልግም፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

አየሩ በሌላ በኩል የሚገባ ከሆነ ለስላሳ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ቆንጥጡ። ወደ ፍሬኑ ማጠናከሪያ ከሚሄደው ወፍራም ቱቦ ጀምሩ። ከእርሱ እንድትጀምሩ የምለው ለሰው ሕይወት ነው፤ በዚያ በኩል ቫኪዩም ሲያመልጥ የፍሬን መርገጫው ይደነድናል፤ አሽከርካሪው ሚኒሞው ብቻ የተበላሸ መስሎት ቁልቁለት ሊጀምር ይችላል። ከቱቦዎቹ በኋላ ወደ መጋጠሚያዎቹ ሂዱ። የአንድ ሜትር የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን ጫፍ በመጋጠሚያው ዙሪያ ብታዞሩት ፉጨቱ ይሰማል፤ አየሩ በድምፅ ፍጥነት እንደሚገባ ቅድም ተነጋግረናል። በተጠረጠረው ቦታ ላይ ጥቂት ውሃ በመርጫ ብትረጩ ውሃው ለአፍታ ክፍተቱን ይደፍነውና ዙሩ ይወርዳል። ቤንዚን ወይም የካርቡራቶር ማጽጃ መርጨት በየጋራዡ የተለመደ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚደረግ ስለሆነ ግን እሳት ይጋብዛል። በውሃ የሚገኘውን በቤንዚን አትፈልጉ።

የአየር በሩ በገመድ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስባቸው አዳዲስ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አላቸው። በሩ ዓመታት ጥላሸት ሲሰበስብ ኮምፒውተሩ በሩን ጥቂት አስፍቶ መክፈትን ይማራል። ስሮትሉ ሲጸዳ ወይም ሲቀየር የተማረው አይጠፋም፤ በንጹሕ በር ላይ የቆሸሸውን በር ልክ ይከፍታል፤ ሚኒሞው ይጨምራል። መፍትሔው አምራቹ ባዘዘው ሥርዓት እንደገና እንዲማር ማድረግ ነው። ሌላ ስሮትል መግዛት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ክፍል የሚቀየረው። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገባበት አገር፣ ሳይመረመር የሚቀየር እያንዳንዱ ክፍል የባለመኪናው ኪሳራ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እሑድ ጠዋት

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ። ሁለተኛው ቫልቭ ምንም ሳያመጣ ሲቀር ጋራዡ «የቀረው ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ። የኮምፒውተሩ ዋጋ ሲነገረኝ ነበር ማሰብ የጀመርሁት። መኪናዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በአንድ እሑድ ጠዋት የሞተሩን ክዳን ከፈትሁና ለተማሪዎቼ ለዓመታት በሰሌዳ ላይ የሣልሁላቸውን ቀዳዳ በጣቴ ዘጋሁ። ዙሩ አልተለወጠም።

በዚያች ቅጽበት የገባኝን ነገር ልንገራችሁ። ቫልቩ ቀድሞውኑ ተዘግቶ ነበር። የመጀመሪያውም፣ በወጣቱ ደመወዝ የተገዛው ሁለተኛውም። ጥፋተኛ ነው ብዬ በሰው ፊት የከሰስሁት ክፍል በዚያ ሞተር ላይ ችግሩን ለማቃለል የሚችለውን ሁሉ ያደረገ ብቸኛው ክፍል ነበር።

የጎማ ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ፈለግሁ። ፉጨቱ ስሮትሉ ከማኒፎልዱ ጋር በሚጋጠምበት በታችኛው ጠርዝ በኩል ነበር። ውሃ ረጨሁበት፤ ዙሩ ለጥቂት ሰከንድ ወረደና ተመልሶ ወጣ። ሞተሩን አጥፍቼ ሲቀዘቅዝ ስሮትሉን ፈታሁ። ጓርኒሲዮኑ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባብሮ፣ ከታችኛው ጠርዝ 35 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ጎድሎት ነበር። ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስሌቱን አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ 35 ካሬ ሚሊሜትር፣ በሰከንድ 5 ግራም። ሞተሩ ለሚኒሞ ከሚፈልገው ሁሉ የሚበልጥ አየር በዚያች ጎዶሎ ይገባ ነበር። አዲሱን ማሸጊያ ገዝቼ ገጠምሁ። ሞተሩ ሲሞቅ 750 ላይ ተቀመጠ።

ስህተቴ የት ላይ ነበር? የፊዚክስ እውቀት አልጎደለኝም። «ከተቀየረው በቀር የተለወጠ ነገር የለም» ያልሁት አባባል ነው የተሳሳተው። የዘረዘርሁት የገዛሁትን ክፍሎች ነበር። ጓርኒሲዮኑ ስላልተቀየረ በዝርዝሬ ውስጥ አልገባም። ነገር ግን ከቦታው ተነሥቶ ተመልሶ ተጭኗል፤ ተነክቷል። ያለ ለውጥ የቀረው ደግሞ በእኔ ትእዛዝ ነው። መርማሪ የገዛ ትእዛዙን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ሲያወጣ ምርመራው እዚያው ላይ ያበቃል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኔ ተምሬያለሁ ብዬ ጠምጥሜ ነበር፤ አምስት ሰከንድ የሚወስደውን ፍተሻ ግን ከንግግሬ አላስቀደምሁም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ሄድሁ። በከሰስሁባቸው ሰዎች ፊት፣ ተሰባሪውን ጓርኒሲዮን በእጄ ይዤ፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ፤ የቫልቩንም ዋጋ ከፈልሁ። ባለቤቱም እስከዚያ ቀን የተቆረጠውን የሁለት ወር ገንዘብ ለወጣቱ መለሱለት። ወጣቱ ጓርኒሲዮኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና፣ «ጠይቄዎት ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርህም?» አልሁት። «እርስዎ እየተናገሩ እኔ ምን ብዬ ልናገር?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ከሌላ ሠራተኛ የሰማሁት ነገር አለ። ወጣቱ በማታ የሙያ ትምህርት ይማር ነበር። በእነዚያ ሁለት ወራት ከደመወዙ በተቆረጠው ገንዘብ ምክንያት የምዝገባ ጊዜው አለፈው። ገንዘቡ ተመለሰ፤ ወሰነ ትምህርቱ ግን አልተመለሰም። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ተመዝግቧል፤ ይህ ግን የእኔን ጥፋት አያቃልለውም፤ ግማሽ ዓመቱን ወስጄበታለሁ።

ማጠቃለያ

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ኢንጂነር ተብላችሁ ትጠራላችሁ። «የተማረ ይግደለኝ» የሚል ሰው በየቦታው ይገጥማችኋል። ይህ ንግግር ለእናንተ የተሰጠ ክብር ይመስላል፤ እኔ ግን በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሲነገር ሰምቼዋለሁ፤ በዚያች ሰዓት የሠራው ሥራ ምርመራውን መዝጋትና የሚያውቀውን ሰው ዝም ማሰኘት ነበር። በዚያ ሞተር ዙሪያ ከቆምነው ሁሉ ማሸጊያው መድረቁን በዓይኑ ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የመናገር መብት ከሁላችንም ያነሰው እሱ ነበር።

ሴንሰሩ ያልቆጠረውን አየር ኮምፒውተሩ አያርመውም። በሥራ ቦታም እንደዚሁ ነው፤ ያልተመዘገበ ጥያቄ፣ ያልተሰማ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ውጤቱ ግን በሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰው ላይ ይታያል። በዚህ ምክንያት በቤተ ሙከራችን የብልሽት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ከሁሉ በፊት እንዲቀመጡ አድርጌያለሁ። «በመጨረሻ የተነካው ሁሉ ምንድን ነው?» «እንዲቀየር ተጠይቆ ሳይቀየር የቀረ ነገር አለ?» «እንዳይቀየር ያዘዘው ማን ነው?» ሦስተኛውን ጥያቄ ተማሪዎች በመጀመሪያ ሲያዩት ፈገግ ይላሉ። ምክንያቱን የማስረዳው ዛሬ ለእናንተ እንደነገርኋችሁ አድርጌ ነው።

ያቺ ጎዶሎ ጓርኒሲዮን በቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች። ማየት የሚፈልግ ተማሪ በሥራ ሰዓት ይምጣ፤ ከካሊፐር ጋር እሰጠዋለሁ፤ ጎዶሎውን ለክቶ ስሌቱን ራሱ ይድገመው። የእኔ ቁጥር ስህተት ሆኖ ከተገኘም በክፍል ውስጥ፣ በሁሉም ፊት ይንገረኝ።